ያልተቆጠረ ሶፍትዌር ሁለት ጊዜ ያስከፍላል

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ብዙ ገንዘብ እየወጣበት ጠያቂ ስላጣ ንብረት ነው፤ ስለ ሶፍትዌር። አንድ መሥሪያ ቤት ወንበር ሲገዛ በሞዴል 19 ገቢ ያደርገዋል፣ በሞዴል 22 ወጪ ያደርገዋል፣ በበጀት ዓመቱ መጨረሻም ቆጣሪ ኮሚቴ መጥቶ ከእግሩ ላይ የተጻፈውን መለያ ቁጥር ያነባል። ከዚያ ወንበር መቶ እጥፍ የሚያወጣው የዳታቤዝ ፈቃድ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአንድ ባለሙያ የኢሜይል ሳጥን ውስጥ ነው። ባለሙያው ሥራ ሲለቅ ማስረጃውም አብሮት ይሄዳል። ዛሬ የምንከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። ሶፍትዌርን ከፈቃድ በላይ በመጠቀም የሚመጣው ዕዳና ማንም ለማይነካው ሶፍትዌር የሚከፈለው ትርፍ ገንዘብ ተቃራኒ ችግሮች ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን የሚወለዱት ያለንን ካለመቁጠር ነው። ክላውድም ይህን ችግር አላስቀረውም፤ በዓመታት አንዴ ይመጣ የነበረውን ሂሳብ በየወሩ እንዲመጣ አደረገው እንጂ። በዝግጅታችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ብለን ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውሳለን።

መጀመሪያ የጉዳዩን መሠረት እንያዝ። ድርጅት ለሶፍትዌር ገንዘብ ስለከፈለ የፕሮግራሙ ባለቤት አይሆንም፤ ባለቤትነቱ ከሠራው ኩባንያ ጋር ይቀራል። ከፋዩ የሚያገኘው በውል የተወሰነ የመጠቀም መብት ነው፤ በተለምዶ ላይሰንስ የምንለው። ይህ መብት ሁልጊዜ መለኪያ አለው። አንዱ ፈቃድ የሚቆጠረው በኮምፒውተር ነው፤ ሌላው በስም በተመዘገበ ተጠቃሚ፤ ሌላው በሰርቨሩ የፕሮሰሰር ኮር ብዛት፤ ሌላው ደግሞ በድርጅቱ ጠቅላላ የሠራተኛ ቁጥር። ስለዚህ «ከፍለናል» የሚለው መልስ ብቻውን ከተጠያቂነት አያድንም። በየትኛው መለኪያ፣ ለስንት፣ እስከ መቼ እንደተከፈለ ማሳየት ያስፈልጋል። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓመተ ምሕረት የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከሌሎች ጽሑፎች ጎን አስቀምጦ ጥበቃ ይሰጠዋል፤ መብቱን የጣሰም በፍትሐ ብሔር ብቻ ሳይሆን በወንጀልም ሊጠየቅ ይችላል።

ታላላቆቹ አቅራቢዎች ይህን መለኪያ የሚያረጋግጡበትን መንገድ በውላቸው ውስጥ ያስገባሉ፤ የኦዲት አንቀጽ ይባላል። የዳታቤዝ ሶፍትዌር አቅራቢው ኦራክል ለምሳሌ በመደበኛ ውሉ የ45 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ሰጥቶ የደንበኛውን አጠቃቀም የመመርመር መብት ይዟል። ደብዳቤው ሲደርስ አቅራቢው ወይም እሱ የወከለው ድርጅት በሰርቨሮቹ ላይ የሚሮጥ የመቁጠሪያ ፕሮግራም ይልካል፤ የተገኘውን ከተገዛው ጋር ያስተያያል፤ ለጎደለው ሂሳብ ያቀርባል። ደንበኛው ሲገዛ ለምኖና ተከራክሮ ያገኘው ቅናሽ በዚህ ሂሳብ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ላለፉት ዓመታት የድጋፍ ክፍያም ሊታከልበት ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ድርድር አንዱ ወገን ቁጥሩን ይዞ፣ ሌላው ባዶ እጁን የሚቀመጥበት ድርድር ነው። ደንበኛው የራሱ ቆጠራ ከሌለው የአቅራቢውን ቆጠራ የሚያርምበት ነገር የለውም፤ ትክክል ነውም ስህተት ነውም ለማለት አይችልም።

ይህን በተጨባጭ የሚያሳየን ምሳሌ ሮኬት ወደ ጠፈር ከሚያመጥቅ መሥሪያ ቤት የተገኘ ነው። የአሜሪካ የጠፈር አስተዳደር፣ ናሳ፣ የራሱ ዋና ተቆጣጣሪ በጥር 2023 ባወጣው ሪፖርት በሶፍትዌር አያያዙ ተወቅሷል። ተቆጣጣሪው እንዳሰላው ናሳ ባለፉት አምስት ዓመታት ወደ 35 ሚሊዮን ዶላር ሊያድን ይችል ነበር። ከዚህ ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮኑ በቅጣትና ከሚገባው በላይ በተከፈለ ሂሳብ የወጣ ሲሆን፣ ወደ 15 ሚሊዮኑ ደግሞ ጥቅም ላይ ላልዋሉ የኦራክል ፈቃዶች የተከፈለ ነው። የሁለተኛው ወጪ ምክንያት ትምህርት ሰጪ ነው። መሥሪያ ቤቱ የትኛው ማዕከል ምን እንደጫነ በአንድ ቦታ የሚያሳይ መዝገብ አልነበረውም፤ ኦዲት ቢመጣ ምን እንደሚገኝበት ስላላወቀ ከሚያስፈልገው በላይ ገዝቶ መቀመጥን መረጠ። ሪፖርቱ የሶፍትዌር ንብረት አስተዳደሩን ደረጃ ከዝቅተኛው ላይ ነው ያስቀመጠው።

አድማጮች፣ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠን እንመልከታቸው። ብዙ ሥራ አስኪያጅ ጉዳዩን የሚያየው እንደ ሚዛን ነው፤ ብዙ ከገዛን ቅጣት ይቀንሳል፣ ጥቂት ከገዛን ገንዘብ እንቆጥባለን ብሎ። አስተሳሰቡ ትክክል ቢሆን ኖሮ ናሳ ከሁለቱ ወጪዎች ከአንዱ ይድን ነበር። አልዳነም፤ በአንድ ዘመን ሁለቱንም ከፈለ። ለዚህም ቀላል ምክንያት አለው። ሳይቆጥር የሚገዛ ድርጅት ትርፉን የሚያከማቸው ጉድለቱ ባለበት ቦታ ላይ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የኦራክል ፈቃድ ተርፎ ተቀምጦ የሌላ አቅራቢ ሶፍትዌር ሊጎድል ይችላል። በአንዱ ማዕከል የተረፈውም ለሌላው ሳይደርስ አዲስ ይገዛል። «ለጥንቃቄ ጨምረን እንግዛ» የሚለው ምክር ስለዚህ ጥንቃቄ አይደለም፤ ባላወቁት ነገር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃችን ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጣ ነው። ቢትማኔጅመንት የተባለ የጀርመን ኩባንያ ባለሦስት አቅጣጫ ምስል የሚያሳይ ሶፍትዌሩን ለባሕር ኃይሉ ሸጦ ነበር። የተገዛው ፈቃድ 119 ብቻ ነበር። ባሕር ኃይሉ ግን ሶፍትዌሩን በ429,604 ኮምፒውተሮች ላይ ገለበጠው። በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው መግባባት በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚጠቀም የሚቆጣጠር ሌላ ፕሮግራም እንዲሠራ ነበር፤ ይህ ቁጥጥር በሚገባው መንገድ አልተደረገም። ኩባንያው በ2016 ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሳ ጠይቆ ከሰሰ። በ2021 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ቅጂው የተፈቀደው ቁጥጥሩ እስከተደረገ ድረስ ነበርና ባሕር ኃይሉ ጥፋተኛ ነው አለ። በ2022 የካሳው መጠን ሲወሰን ግን ኩባንያው ያገኘው 154,400 ዶላር ብቻ ሆነ፤ ፍርድ ቤቱ ያሰላው ሶፍትዌሩ በተቀመጠባቸው ኮምፒውተሮች ብዛት ሳይሆን በእርግጥ በተጠቀሙበት ሰዎች መጠን ነበርና።

ይህ ፍርድ ከክርክራችን ጋር በሁለት በኩል ይገናኛል። ባሕር ኃይሉን ጥፋተኛ ያደረገው አለመቁጠሩ ነው፤ ለመቅዳቱ ፈቃድ ነበረው፣ መቁጠርን ግን የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ተቀብሎ አልፈጸመም። በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠር ዕዳ ያዳነውም የቁጥር ማስረጃ ነው፤ ስንት ሰው እንደተጠቀመ የሚያሳይ መረጃ ባይገኝ ኖሮ የክርክሩ መነሻ አራት መቶ ሺህው ኮምፒውተር በሆነ ነበር። በተጫነና በሚሠራበት መካከል ያለው ልዩነት እንዲህ ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ልዩነት የሚያሳይ ማስረጃ የሚገኘውም አጠቃቀሙን ከሚመዘግብ ተቋም ብቻ ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ውሎቹ ራሳቸው ፍትሐዊ አይደሉም፤ አቅራቢው ቃላቱን እንደፈለገ ይተረጉማል፤ ብንቆጥርስ ምን እናተርፋለን?» የሚል። ተቃውሞው መሠረት የሌለው አይደለም። ዲያጆን እንውሰድ፤ የጊነስና የጆኒ ዎከር ባለቤት፣ በአገራችንም ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካን ከ2012 እስከ 2022 ይዞ የነበረው ኩባንያ ነው። ዲያጆ በ2004 ከጀርመኑ የንግድ ሥራ ሶፍትዌር ኩባንያ ኤስኤፒ ጋር የተዋዋለው በተመዘገበ ተጠቃሚ ልክ ሊከፍል ነበር። በኋላ ሴልስፎርስ በተባለ የሌላ ኩባንያ ሶፍትዌር ላይ ሁለት ሥርዓቶች ገነባ፤ አንዱ ለሽያጭ ሠራተኞቹ፣ ሌላው ደንበኞቹ ራሳቸው በኢንተርኔት ትእዛዝ የሚሰጡበት። እነዚህ ሰዎች የኤስኤፒን ገጽ ከፍተው አያውቁም፤ ትእዛዛቸው ግን መጨረሻው ኤስኤፒ ውስጥ ነበር። ኤስኤፒ ይህ በተዘዋዋሪ መጠቀም ነው ብሎ ከ54 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ጠየቀ። የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በየካቲት 2017 የገንዘቡን መጠን ለሌላ ጊዜ አቆይቶ፣ በመርሕ ደረጃ ለነዚህ ሰዎችም ክፍያ እንደሚገባ ወሰነ።

ብዙዎች ውሳኔውን ከባድ ነው አሉ፤ ኤስኤፒም በ2018 ከሌሎች ሥርዓቶች ለሚመጣ ትእዛዝ በሰነድ ብዛት የሚሰላ ሌላ የክፍያ መንገድ አቀረበ። ሆኖም ውሉ ከባድ መሆኑ የመቁጠርን አስፈላጊነት ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ዲያጆ የገጠመው ችግር ሦስት ሰዎች አንድ ላይ ባለመቀመጣቸው ሊደርስ የሚችል ነው። ውሉን ያነበበው የሕግ ባለሙያ ሁለቱ ሥርዓቶች እንዴት እንደሚገናኙ አያውቅም፤ ሥርዓቱን የሚገነባው የአይቲ ባለሙያ ውሉ «ተጠቃሚ» የሚለው ማንን እንደሆነ አላነበበም፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ፋይናንስ ክፍል ሁለቱንም አያውቅም። ፍትሐዊ ያልሆነ አንቀጽ የሚሻረው ወይም የሚሻሻለው ከፊርማ በፊት ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ «ነገ ስንት ሰው፣ በምን መንገድ ይጠቀማል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያለው ተደራዳሪ ብቻ ነው የተሻለ አንቀጽ የሚጠይቀው።

መለኪያውም አንዴ ተወስኖ አይቀርም። ኦራክል ከጥር 2023 ጀምሮ ለአዲስ ደንበኞች የጃቫን፣ ማለትም ብዙ ፕሮግራሞች የሚሠሩበትንና የሚሮጡበትን ሶፍትዌር፣ ክፍያ በጠቅላላ ሠራተኛ ቁጥር አደረገው። አነስተኛ ለሆኑት ድርጅቶች የዝርዝር ዋጋው በአንድ ሠራተኛ በወር 15 ዶላር ነው። 400 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ውስጥ ጃቫ የሚያስፈልጋቸው አሥር ሰዎች ብቻ ቢሆኑም ስሌቱ ለ400ው ነው፤ በዓመት 72,000 ዶላር። የትርፍ ሰዓትና የጊዜያዊ ሠራተኞችም ይቆጠራሉ። ያንኑ ሥራ የሚሠሩ፣ ያለ ክፍያ የሚገኙ የጃቫ ቅጂዎች መኖራቸው የታወቀ ነው፤ እነርሱን መተካት የሚችለው ግን ጃቫ በየትኞቹ ማሽኖች ላይ እንዳለ የሚያውቅ ድርጅት ነው። የፕሮግራም ሠሪዎች መሣሪያ የሆነው ዶከር ዴስክቶፕም ለሁሉም ነጻ ከነበረ በኋላ በ2021 ከ250 ሠራተኛ በላይ ላላቸው ወይም በዓመት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሚያስገቡ ድርጅቶች በክፍያ ሆነ። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ አንዱን ሰርቨር እንደ ብዙ ሰርቨር የሚያሠራ ሶፍትዌር የሚሸጠውን ቪኤምዌርን በኅዳር 2023 ጠቅልሎ በቀጣዩ ወር ለዘለቄታ የሚገዛውን ፈቃድ መሸጥ አቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ነው። ትናንት ሕጋዊ የነበረ አጠቃቀም ምንም ሳይነካ ዛሬ ባለዕዳ ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ተቆጥሮ መሳቢያ ውስጥ የሚገባ ዝርዝር በቂ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ክላውድ እንሻገር። ክላውድ ማለት የራስን ሰርቨር ከመግዛት ይልቅ የሌላውን ሰርቨር በኢንተርኔት ተከራይቶ በተጠቀሙት ልክ መክፈል ነው። አማዞን ይህን አገልግሎት በ2006 ለገበያ ካቀረበ ወዲህ «በክላውድ የላይሰንስ ጣጣ የለም፣ የተጠቀምነውን ብቻ እንከፍላለን» የሚል እምነት ሰፍቷል። ሁለተኛው ሐረግ ግን እንደተነገረው አይደለም። የሚከፈለው ለተጠቀሙበት ሳይሆን ከፍተው ለተዉት ነው። የሙከራ ሰርቨር በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አሥር ሰዓት ይሠራበታል እንበል፤ 50 ሰዓት ነው። ሳምንት ግን 168 ሰዓት አለው፤ ካልተዘጋ ሂሳቡ የሚመጣው ለ168ቱም ነው። ማታና ቅዳሜ እሑድ የሚያጠፋው አንድ ትእዛዝ ከማሽኑ ኪራይ ወደ 70 በመቶ የሚሆነውን ያስቀራል። አማዞን ከየካቲት 2024 ጀምሮ ለእያንዳንዱ የአይፒ ቪ4 የሕዝብ አድራሻ በሰዓት ግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል። ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት ሲደመር 44 ዶላር ገደማ ነው። ተረስተው የቀሩ ሁለት መቶ አድራሻዎች ያለው ድርጅት ለምንም ነገር 8,760 ዶላር ይከፍላል።

ከዚህ የበለጠ ብዙዎችን የሚያስደነግጠው መረጃን ከክላውድ የማውጫ ክፍያ ነው። ማስገባት በአብዛኛው ያለ ክፍያ ነው፤ ማውጣት ግን በጊጋባይት ይሰላል። አሁንም ናሳ ምሳሌ ይሆነናል። መሥሪያ ቤቱ ከሳተላይት የሚሰበስበውን የመሬት መረጃ ወደ አማዞን ክላውድ ለማዛወር ወሰነ፤ ክምችቱም በ2025 ወደ 247 ፔታባይት እንደሚደርስ ተገመተ። መረጃው ለዓለም ተመራማሪዎች ሁሉ በነጻ የሚሰጥ ነው። ከናሳ የራሱ ማዕከላት ሲወርድ ተጨማሪ ሂሳብ አልነበረውም፤ ከክላውድ ሲወርድ ግን ናሳ ባወረዱት ልክ ይከፍላል። ዋና ተቆጣጣሪው በመጋቢት 2020 ባወጣው ሪፖርት ይህ ወጪ በዕቅዱ ውስጥ በሚገባ እንዳልታሰበበት አሳየ። ጉግል፣ አማዞንና ማይክሮሶፍት በ2024 መጀመሪያ ወራት የማውጫውን ክፍያ ያነሡት ጨርሰው ለሚለቁ ደንበኞች ነው፤ የየዕለቱ ማውረድ እንደ ቀድሞው ይከፈልበታል። መረጃው ስንት እንደሆነ የቆጠረ፣ በወር ስንቱ እንደሚወጣ ያልቆጠረ ድርጅት ግማሽ ሂሳብ ነው የያዘው።

የላይሰንሱም ጣጣ ቢሆን ክላውድ ላይ አልቀረም። የኦራክልን የዳታቤዝ ፈቃድ ይዞ ወደ ክላውድ የሚሄድ ድርጅት እናስብ። ኢንቴል ፕሮሰሰር ባለው የራሱ ሰርቨር ላይ ስምንት ኮር ቢጠቀም፣ በኦራክል የማባዣ ሠንጠረዥ አንዱ ኮር ግማሽ ስለሚቆጠር አራት ፈቃድ ይበቃዋል። በአማዞን ወይም በማይክሮሶፍት ክላውድ ላይ ግን ሠንጠረዡ አይሠራም፤ ሁለት ምናባዊ ፕሮሰሰር እንደ አንድ ፈቃድ ይቆጠራል። በክላውድ አንዱ ኮር እንደ ሁለት ምናባዊ ፕሮሰሰር ስለሚቆጠር ያው የስምንት ኮር ጉልበት 16 ምናባዊ ፕሮሰሰር ነው፤ ስለዚህ ስምንት ፈቃድ ያስፈልጋል። የኢንተርፕራይዝ ቅጂው የዝርዝር ዋጋ ለአንድ ፕሮሰሰር 47,500 ዶላር ስለሆነ የአራቱ ልዩነት 190,000 ዶላር ይሆናል። ማሽኑ አልበረታም፣ ተጠቃሚ አልተጨመረም፤ የተለወጠው የሚቆጠርበት ሕግ ብቻ ነው። ስለዚህ የክላውድ ወጪን ለአይቲ፣ ላይሰንስን ለሕግ ክፍል ለያይቶ መስጠት ሁለቱንም ያስታል።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ለኢትዮጵያ ድርጅቶች አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የክላውዱም የሶፍትዌሩም ሂሳብ በአብዛኛው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓመተ ምሕረት የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 1,000 ዶላር ይከፍል የነበረ ድርጅት 57,000 ብር የነበረው ወጪው፣ አንድ ሰርቨር ሳይጨምር፣ ከ100,000 ብር በላይ ሆነ። ተመኑን ሥራ አስኪያጁ አይወስነውም። የሚወስነው ነገር ቢኖር ከሺው ዶላር ውስጥ ስንቱ ለሚሠራ ነገር እንደሚከፈል ነው። ተረስቶ የቀረ ማሽን ዶላር በ57 ብር በነበረበት ጊዜም ብክነት ነበር፤ ዛሬ ግን ያ ብክነት ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

«እኛ ትንሽ ነን፣ ማን ብሎ ይመረምረናል?» የሚል ተቃውሞም ይሰማል። ትልልቆቹ አቅራቢዎች ትልልቅ ደንበኞችን አስቀድመው ማየታቸው የሚገርም አይደለም። ነገር ግን ከዛሬው ክርክር ግማሹ ኦዲት ባይኖርም የሚቆም ነው፤ ማንም ባይመረምር እንኳ ለማይሠራበት መለያ በየወሩ የሚቆረጠው ገንዘብ ይቆረጣል። ትንሽ ድርጅት ደግሞ ሊያባክን የሚችለው ትርፍ የለውም። «ክራክ የተደረገ ቅጂ እንጠቀማለን፣ ወጪ የለውም» ለሚሉት ደግሞ፣ ከሕጉ ባሻገር፣ መልሱ ግልጽ ነው። ያ ቅጂ የጸጥታ ማሻሻያ አይደርሰውም፣ የሰበረው ሰው ምን እንደጨመረበት አይታወቅም፣ ሲበላሽም የሚጠየቅ የለም። ነጻና ክፍት የሆኑ ሶፍትዌሮች ከዚህ እጅግ የተሻለ መንገድ ናቸው፤ ለብዙ ሥራም ይበቃሉ። እነርሱም ቢሆኑ የየራሳቸው የፈቃድ ሁኔታ አላቸው፤ በተለይ ሶፍትዌር ሠርቶ ለሌላ የሚሸጥ ድርጅት ምን ምን እንደቀላቀለበት መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ «መቁጠሩ ራሱ ከሚያድነው በላይ ያስወጣል» የሚለው ነው። እውነት አለበት። ለቆጠራ የሚሸጡት ትልልቅ መሣሪያዎች ራሳቸው ውድ ናቸው፤ አምስት ብር ለማዳን አሥር ብር ማውጣት ሞኝነት ነው። መልሱ ሁሉንም እኩል አለመቁጠር ነው። በአብዛኛው ድርጅት ውስጥ ከባዱ ወጪ የሚመጣው ከጥቂት አቅራቢዎች ነው፤ ከነርሱ መጀመር ይቻላል፤ ለመነሻም ኤክሴል ይበቃል። ቆጠራው የሚጠይቀው ከገንዘብ ይልቅ የኃላፊነት መደልደል መሆኑን የአሜሪካ መንግሥት ልምድ ያሳያል። የምክር ቤቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2014 ሃያ አራት ታላላቅ የፌዴራል ተቋማትን ሲመረምር የተሟላ የላይሰንስ ዝርዝር የነበራቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ተቋማት ገንዘብ አጥተው አልነበረም። በ2016 ሜጋባይት የተባለው ሕግ ወጥቶ ተቋማቱ የላይሰንስ ዝርዝር እንዲይዙና አጠቃቀሙን እንዲመረምሩ አስገደደ። ይሁንና ናሳ የተወቀሰው ሕጉ ከወጣ ከስድስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ሕግ ብቻውን አይቆጥርም፤ በስም የተጠራ ባለቤት ያስፈልጋል።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ሦስት ነገሮችን በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፦ የገዛነው፣ የተጫነው፣ በእርግጥ የሚሠራበት። የመጀመሪያው ከግዥና ከፋይናንስ ክፍል ይገኛል፤ ውሉ፣ ደረሰኙ፣ የሚታደስበት ቀንና መለኪያው ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከአይቲ ክፍል ነው። ሦስተኛው ባለፉት 90 ቀናት ማን እንደገባ ከሚያሳየው የአጠቃቀም መዝገብ ይወጣል። የተጫነው ከተገዛው ከበለጠ ዕዳ አለ፤ የተገዛው ከሚሠራበት ከበለጠ ብክነት አለ። ሁለቱንም የሚያሳየው ያው ገጽ ነው። ክላውድ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ማሽን የየትኛው ክፍልና የየትኛው ሥራ እንደሆነ መለያ ይሰጠው፤ ባለቤት ያልተገኘለት ይዘጋ፤ የወሩ ወጪ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ይምጣ። ለአንድ ወይም ለሦስት ዓመት ቃል ገብቶ የሚገኘው ቅናሽ የሚጠቅመው ከዚህ ጽዳት በኋላ ነው፤ ከጽዳቱ በፊት ከተገባ ብክነቱን ለሦስት ዓመት በውል ማሰር ይሆናል።

አብዛኛው መሥሪያ ቤት ለዚህ የሚሆን ሥርዓት በእጁ አለው። ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ይዞራል፤ ላፕቶፑን፣ ቁልፉን፣ መታወቂያውን መመለሱ በፊርማ ይረጋገጣል። የሶፍትዌር መለያውና ፈቃዱ ግን ብዙ ጊዜ በቅጹ ላይ ስለሌለ ሰውየው ከሄደ በኋላም ይከፈልለታል። በዚያው ቅጽ ላይ «የሶፍትዌር ፈቃድና የክላውድ መለያ ተመልሷል» የሚል አንድ መስመር መጨመር ምንም በጀት አይጠይቅም፤ የተመለሰውም ለቀጣዩ ተቀጣሪ ይሰጣል። ለሥራ ዝውውርም እንዲሁ ነው።

የኦዲት ደብዳቤ ቀድሞ የደረሰውስ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በድንጋጤ የሚደረግ ቆጠራ ጥያቄ ሲበዛበት አይጸናም። ቢሆንም ደብዳቤውን አለመመለስም ሆነ የተጫነውን በችኮላ ማጥፋት ነገሩን ያባብሳል። በመጀመሪያ ውሉ ምን ያህል እንዲመረመር እንደሚፈቅድ በሕግ ባለሙያ ይነበብ፤ ከአቅራቢው ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ይወከል፤ ማንኛውም ውጤት ከመላኩ በፊት ድርጅቱ ራሱ አይቶ ይረዳው፤ የቀረበውም ሂሳብ መስመር በመስመር ከውሉ ጋር ይመሳከር። የአቅራቢው ስሌት የመደራደሪያ መነሻ እንጂ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ያየናቸው ተቋማት ገንዘብም ባለሙያም አላነሳቸውም። ናሳ በቅጣትም በትርፍ ግዥም የከፈለው፣ ባሕር ኃይሉ ጥፋተኛ የተባለው፣ ዲያጆ ከከሳሽ ፊት የቆመው መረጃው በተለያዩ ክፍሎች ተበታትኖ አንድ ሰው ሙሉውን ስላላየው ይመስላል። ስለዚህ ለሥራ አስኪያጆች የምናቀርበው ጥያቄ ምን እንግዛ የሚል አይደለም። በመሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ የገዛነው፣ የተጫነው፣ የሚሠራበት ይህ ነው ብሎ በፊርማው የሚያረጋግጥ ሰው ማን ነው? ስሙን ወዲያው መናገር ካልቻላችሁ፣ ከሚቀጥለው የላይሰንስ እድሳት በፊት ይህን ሰው መሰየም ከማንኛውም የቅናሽ ድርድር ይቀድማል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)